ኪሎ ከአራት መቶ

14.

ሁለተኛው ድንጋይ አልተሰበረም።


1.

ተሳሳትኩ። ያ አሥራ አራተኛው ላይ ነው መግባት ያለበት፤ እጄ ቀደመኝ። ወረቀቱ የመንግሥት ስለሆነ አልቀድደውም፣ እንዳለ ይቆይ።

ሳጅን ኩለኒ አምስት ነጭ ወረቀትና አንድ ቅጽ ሰጥታኛለች። መርማሪ ናት፣ ዕድሜዋ የልጄ ያህል ነው። «እማማ፣ መጀመሪያ ነጩ ላይ ይሞክሩት» አለችኝ። «በቁጥር በቁጥር ያድርጉት፣ ለአንድ ነገር አንድ ቁጥር። ሲጠራልዎት ወደ ቅጹ ይገለብጡታል። ነጩ የራስዎ ነው፣ አልቀበልዎትም።» እኔ መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ ወረቀት ይበላል።

ስለዚህ ነጩን የምታነቡ፣ ማንም ሁኑ ማን፣ የማወራው ከናንተ ጋር ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ትንሽ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ሞልቻለሁ። አንድ መስመር ቀርቶኛል፦

ድንጋዩ ተጠርጣሪዋ እጅ የገባው እንዴት ነው፦ ____________________


2.

የነበርነው ሦስት ነን።

እኔ፣ ይመኙሻል ተሰማ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሾላ ገበያ ቅቤ ሸጬ ሁለት ልጅ አሳድጌያለሁ።

አዜብ፣ ልጄ። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ክፍል ውስጥ አስቀምጠዋታል። ስታስል ይሰማኛል። የሐይቁ ውሃ አሁንም ከደረቷ አልወጣም።

በፈቃዱ፣ ባሏ። ሆስፒታል ነው። ከትናንት ወዲህ አልነቃም።


3.

ይሄኛው የኔ ጽሑፍ አይደለም፣ ከወረቀት ላይ ገልብጬው ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ሽማግሌዎች እኔ ሳሎን ተቀምጠው ያስፈረሙት ውል ነው። ሦስተኛ ዕርቃቸው ነበር። አንዱ ኮፒ ከቦርሳዬ አይወጣም፣ ዳዊቴ መሀል ነው የማስቀምጠው።

ሀ. አቶ በፈቃዱ በባለቤቱ ላይ ዳግመኛ እጁን አያነሳም።
ለ. ወ/ሮ አዜብ በባለቤቷ ላይ ድምጿን አታነሳም።
ሐ. አቶ በፈቃዱ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ባለቤቱን ወጣ አድርጎ ያዝናናል።
መ. አቶ በፈቃዱ ውሉን ቢያፈርስ ዋሱ ይጠየቃል።

የአቶ በፈቃዱ ዋስ፦ ወ/ሮ ይመኙሻል ተሰማ። (ፊርማ)

አዎ፣ የሱ ዋስ እኔ ነኝ። የሷ አይደለሁም። ሽማግሌዎቹ «የሚስቱ እናት ካመነችው ማን ይጠረጥረዋል» አሉ። ተከበርኩ ብዬ ደስ አለኝ።

አዜብ ያን ቀን ፅንሱ ከወጣባት ሁለት ሳምንቷ ነበር። አምስት ወር ሆኖት ነበር። ለሐኪሙ ከደረጃ ወደቅኩ አለችው። ለኔ ግን በፈቃዱ በጫማው ረግጧት እንደሆነ ነገረችኝ፣ የትኛው ጫማ እንደሆነ ሳይቀር ነገረችኝ። እኔ ምን አልኳት?

«መስቀልሽ ነው ልጄ፣ ተሸከሚው» አልኳት።

ይሄን ሰርዤው ነበር። መልሼ ጻፍኩት።


4.

ትናንት ቅዳሜ፣ የጽጌ ፆም መሀል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በፈቃዱ መኪናውን ደጄ ላይ አቆመ።

«እማማ፣ ፊደል ሐን ልፈጽም መጣሁ» ብሎ ሳቀ። ሰው ፊት ተጫዋች ነው። ላንጋኖ ልንሄድ ነው አለ። ሐይቁ አጠገብ አንድ ሠዓሊ የሥዕል ሙዚየም ከፍቷል፣ እሱን ታያላችሁ፣ ከዚያ አሸዋ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ማታ ቤታችሁ።

ፊት አስቀመጠኝ። ለወገቤ ትራስ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ይሄን ካልጻፍኩ እበድለዋለሁ።

መቂን ስናልፍ ሙቀቱ ጠና። አዜብ ኋላ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ድረስ ስባ ተቀምጣለች። «ልጄ፣ ሰብሰብ አድርጊው እንጂ» አልኳት። በመስታወቱ በፈቃዱን አየችው።

«በርዶኛል እማዬ» አለች።


5.

ሙዚየም ገብታችሁ ለማታውቁ።

ትኬቱን አትጣሉት። ቦርሳችሁን በር ላይ ይወስዱታል። ውሃ ይዞ መግባት የለም። ከገመዱ አይታለፍም፣ ሥዕል አይነካም። ሥዕሉ ፊት ትቆማላችሁ፣ ትንሽ ራቅ ትላላችሁ፣ አንገታችሁን ዘንበል ታደርጋላችሁ፣ ትገነዘባላችሁ ወይም የተገነዘባችሁ ትመስላላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ።

ጫማ አይወለቅም።

የመጨረሻውን ማንም አልነገረኝም።


6.

ትልቁ ክፍል ውስጥ አንድ ሥዕል አለ። ባዶ ክፍል ነው። ጠረጴዛ አለ፣ የወደቀ ወንበር አለ፣ ሌላ ምንም የለም። አዜብ እዚያ ቆማ ቀረች። የተባባሉትን እንዳለ እጽፋለሁ።

ጥበቃው፦ ይሄ «ማክሰኞ» ይባላል።
አዜብ፦ ወንበሩ ለምን ወደቀ?
ጥበቃው፦ እሱን ሠዓሊው ለተመልካች ነው የተወው፣ እህቴ።
አዜብ፦ እኔ ለምን እንደወደቀ አውቃለሁ።
በፈቃዱ፦ ሚስቴ ሥነ ጥበብ ገባት በሉኛ።

ጥበቃው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ ብዬ የምጽፈው ስለሳቅኩ ነው።


7.

ውስጠኛው ክፍል ጨለምለም ያለ ነው። ገባሁና አየኋት። እመቤታችን፣ ልጇን ታቅፋ፣ በአሮጌ እንጨት ላይ። ቀለሙ ተላልጧል፣ ዓይኗ ግን አለ። ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንዳመጧት እንጃ።

በጽጌ ፆም፣ በእመቤታችን ወር፣ ፊቷ ቆሜ በጫማ?

አወለቅኩ። ነጠላዬን አጣፋሁ። ገመዱ ጉልበቴ ላይ ነው የሚደርሰው፣ መከልከያ ነው ብዬ አላሰብኩም። ተራመድኩት። ግንባሬን አስነካሁ፣ እግሯ ሥር ሳምኳት፣ የለመንኳትንም ለመንኳት። የለመንኳት ስለ አዜብ ነው። ወደሱ እንዳትመለስ አይደለም፣ እንድትችለው ነው።


8.

ደወል ጮኸ።

ጣሪያው ሁሉ ጮኸ። ሰው ከየክፍሉ ሮጦ መጣ። ባዶ እግሬን ግድግዳው ሥር ቆሜያለሁ። አንዷ በስልኳ ትቀርጸኛለች።

ጥበቃው፦ እማማ፣ አይሳምም። ቅርስ ነው።
እኔ፦ ቅርስ ሳትሆን በፊት እኮ እመቤታችን ናት፣ ልጄ።

ሰው ሳቀ። በክፋት አይደለም። ከሚስቁት መሀል አንዱ የበፈቃዱ የሥራ ባልደረባ ሆኖ ተገኘ። «በፌ፣ አማትህ ሙዚየሙን ተሳለሙት እኮ» አለው። «ሰኞ ቢሮ እናወራዋለን።»

በፈቃዱም ሳቀ። ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አቀበለኝ፣ ማሰሪያውንም አሰረልኝ። ቀና ሲል የጆሮው ጫፍ ቀልቷል።

አዜብ ጆሮውን አየች። እጅጌዋን ሳበች።


9.

መኪናው ጋ ስንደርስ «እማማ፣ ደክሞዎታል፣ ኋላ ይረፉ» አለኝ። አዜብን ፊት አስቀመጣት። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

በፈቃዱ፦ እናትሽን መያዝ አቅቶሽ ነው?
አዜብ፦ አላየኋትም።
በፈቃዱ፦ ወንበር እያየሽ ነበራ።
እኔ፦ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።
በፈቃዱ፦ እርስዎን አላናገርኩም፣ እማማ።
አዜብ፦ በናትህ፣ እሷ ፊት…

ክርኑ ነው። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዟል። አንድ ጊዜ አፏ ላይ፣ አንድ ጊዜ አፍንጫዋ ላይ። ድምፁ በር እንደመዝጋት ያለ ነው። መስታወቱ ላይ ደም ነጠብ ነጠብ አለ። የዝናብ መጥረጊያውን አስነሳው፣ ደሙ ግን በውስጥ በኩል ነው።

ውል ሀ ፈረሰ። ዋሱ ኋላ ወንበር ላይ ነው።


10.

ዋሱ ያደረገው፦

ትራሱን ከወገቤ ሥር አውጥቼ ለአዜብ አቀበልኳት። ደሙን እንድትጠርግበት።

ሌላ የለም።


11.

የመጀመሪያው የባሕር ዳርቻ ሰው ነበረበት። ጃንጥላ ተተክሏል፣ ሙዚቃ አለ፣ አሳ የሚጠብሱ ሰዎች አሉ። አዜብ እጇን የበሩ መክፈቻ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

አለፈው።

ሁለተኛውም ሰው ነበረበት። አለፈው።

ሦስተኛው ማንም አልነበረበትም።


12.

እዚያ ሁለት ዓይነት ድንጋይ አለ።

አንዱ ነጣ ያለ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ እኛ ተረከዝ የምንፈገፍግበት ነው። ሌላው ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ከቁጥቋጦው ሥር ተቀብሮ ጀርባው ብቻ ይታያል።

በፈቃዱ መኪናው ጋ ሲያጨስ አዜብ ውሃው ዳር ቁጭ ብላ ፊቷን ታጠበች። ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ሻይ ይመስላል። ደሙ አይለይበትም። አንድ ነጭ ድንጋይ አንስታ ወረወረች። ተንሳፈፈ።

«እማዬ፣ ይሄ አይሰምጥም እኮ» አለች።

ባበጠ ከንፈሯ ሳቀች። ሕፃን ሆና የምትስቀው ሳቅ ነው። ሌላ አንስታ ወረወረች፣ እሱም ተንሳፈፈ። ሦስተኛውን አንስታ በእጇ ያዘችው።

ሲጋራውን ጥሎ መጣ።


13.

«ሲመሽ ቤት ሰው ይጠብቀናል። እንዲህ ሆነሽ አትገቢም። ታጠቢ» አላት።

«ታጥቤያለሁ።»

ፀጉሯን ያዘ። እየጎተተ እስከ ጉልበቱ ድረስ ገባና ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ ነከረው።

እኔ የማውቀው እግዚኦ ማለት ነው። እግዚኦ እያልኩ ቆጠርኩ። ሰባት ላይ አወጣት። አሳላት። ደግሞ ነከራት። አሥራ ሁለት ላይ አወጣት። እየጮህኩ ገብቼ ሸሚዙን ያዝኩት፣ «በወለደችህ» አልኩት። በአንድ እጁ ወርውሮ አሸዋው ላይ ጣለኝ። ውሃ ውስጥ ያለ እጇ እንደ አሳ ይንፈራገጣል። አሥራ ዘጠኝ።

ሲያወጣት በያዘችው ድንጋይ መታችው። ግንባሩን ነው የመታችው፣ ባለ በሌለ ኃይሏ።

ድንጋዩ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረካከሰ።

በፈቃዱ ፍርፋሪውን ከቅንድቡ ላይ ጠርጎ አየው። ሳቀ።

«በተረከዝ ድንጋይ?» አላት። «በተረከዝ ድንጋይ ነው የምትገድይኝ?»

መልሶ ነከራት። አሁን በሁለት እጁ ነው። እኔም መቁጠር ተውኩ።





     ይሄኛው ቁጥር የለውም።

     ከአሸዋው ተነሳሁ። ወደ ውሃው አልሮጥኩም፣ ወደ ቁጥቋጦው ነው የሮጥኩት። አንድ ጥቁር ድንጋይ ነቀልኩ። አነሰብኝ። ጣልኩት። አጠገቡ ያለውን ነቀልኩ።

     መዘንኩት።

     ሃያ ስድስት ዓመት ቅቤ በእጄ ስመዝን ሚዛን ላይ ወጥቶ ተሳስቼ አላውቅም። ልጄ እየሰመጠች እኔ መዘንኩት። ኪሎ ተኩል ይሆናል አልኩ፣ ትንሽ ቢጎድል ነው። ይበቃዋል አልኩ። በልቤ ነው ያልኩት፣ ግን ቃሉ ይሄው ነው፦ ይበቃዋል።

     ገባሁ። ጀርባው ለኔ ነው። የአዜብ አንድ እጅ ወደኋላ ተዘርግቶ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ጣቶቿን አንድ ባንድ አጠፍኩላት። ትንሽ ሆና እርሳስ ሳስይዛት እንደዚያ ነበር የማደርገው።

     ጨበጠችኝ። እጄን ነው መጀመሪያ የጨበጠችው። ማን እንደሆንኩ አውቃለች።





14.

ከላይ አለ።


15.

የመጀመሪያው ምት ጆሮ ግንዱ ላይ ነው። ተንበረከከ። ሁለተኛው እዚያው ላይ ነው፣ ድምፁ እርጥብ ነበር። ሦስተኛውን ሲቀበል በግንባሩ ወደ ውሃው ተደፍቶ ነበር።

«በቃ» አልኳት።

በቃ ያልኩት ከሦስተኛው በኋላ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ ማለት እችል ነበር። ድምፄ አልጠፋም ነበር።

ከዚያ ሁለታችን እጅና እጁን ይዘን ጎትተን አወጣነው። ሰው ነው። ውሃ ውስጥ አይተውም። ነጠላዬን ቀድጄ ራሱን አሰርኩለት። አዜብ ድንጋዩን አልለቀቀችም። ፖሊስ ሲመጣም ይዛው ነበር፣ ጣቷን ያላቀቁላት ሁለት ሆነው ነው።

«ከውሃው ውስጥ አገኘሁት» አለቻቸው። ማንም ሳይጠይቃት።


16.

ዛሬ ጠዋት ትልቁ ልጄ ኪሩቤል ደወለ።

ኪሩቤል፦ እማዬ፣ የጻፍሽው ነገር አለ?
እኔ፦ ስሜን።
ኪሩቤል፦ እዚያው ላይ አቁሚ። ጠበቃው ያለኝን ልንገርሽ። ሊያሰምጣት ነበር፣ እጇ ያገኘውን ይዛ መታችው፣ ራሷን ነው የተከላከለችው። አለቀ።
እኔ፦ እጇ ባያገኝስ?
ኪሩቤል፦ ምን ማለት ነው?
እኔ፦ ሰው ቢያቀብላትስ።

(የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል።)

ኪሩቤል፦ እንደዚያ ከሆነማ ሁለት ሰው ተመካክሮ ነው ይባላል። እሷም አትወጣም፣ አንቺም ትገቢያለሽ። እማዬ፣ ማን አቀበላት?
እኔ፦ ቁርስ በላህ?
ኪሩቤል፦ እማዬ።
እኔ፦ ብላ።


17.

ሳጅን ኩለኒ አሁን ገብታ ወጣች። ድንጋዩን በላስቲክ ይዛ ነበር።

«እማማ፣ አስመዝነነዋል። ኪሎ ከአራት መቶ ነው።»

መቶ ግራም ተሳስቻለሁ። ዕድሜ ነው።

«ይሄን ይዩት» አለችኝ። ላስቲኩን አዞረችው። በስንጥቁ ውስጥ ቀይ አፈር ደርቋል፣ የሣር ሥር ተጣብቆበታል። «ልጅዎ ከውሃ ውስጥ ነው ያነሳሁት ብላለች። ይሄ ከውሃ የወጣ ድንጋይ አይመስለኝም። እኔ አዝኜላታለሁ፣ ጀርባዋን አይቻለሁ፣ እጇን አይቻለሁ። ግን ፍርድ ቤት አንድ ውሸት ከተያዘባት እውነቱንም አይሰሟትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኔ አላስምልዎትም፣ እማማ። አንድ መስመር ነው የቀረችው።»

በሩ ላይ ስትደርስ ስልኳ ጮኸ። በኦሮምኛ ነው ያወራችው፣ አጭር ነው። ተመልሳ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅጽ ወደ ራሷ አዞረችና አናቱ ላይ «ከባድ የአካል ጉዳት» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘችው። ከጎኑ ሌላ ቃል ጻፈች። መልሳ ወደኔ አዞረችልኝ።

ሞተ።

ነፍስ ይማር። እሱን ማለት አልተከለከልኩም።


18.

ወደ መስመሩ የሚገቡት ሦስት ናቸው። ከዚህ ሌላ ካያችሁ እናንተ ንገሩኝ።

ከውሃ ውስጥ አነሳችው። ይሄ ውሸት ነው። ልጄ ለኔ ስትል የዋሸችው ውሸት ነው፣ ኪሩቤልም ጻፊው የሚለኝ ይሄንኑ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለው የሣር ሥር ግን ኪሩቤልን አይሰማም።

እኔ ነኝ የመታሁት። ይሄም ውሸት ነው። እሷን ግን ያስወጣታል፣ ሳጅኗ ካመነችኝ። ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቅኳትን ነፍስ ለዚህ ብሰጥ እመቤታችን ምን ትለኛለች? ሙዚየም ውስጥ ሳምኳት፣ ምንም አላለችኝም። የጮኸው ደወሉ ነው።

እኔ ነኝ ያቀበልኳት። ይሄ እውነት ነው። ሁለታችንንም ሊያስቀረን ይችላል። መዘንኩት የሚለውም ከሱ ጋር ይወጣል፣ እሱ ካልወጣ እውነቱ ጎዶሎ ነው።

አዜብ አሁንም ታስላለች። ሲደክማት ታቆማለች፣ ስታቆም ደግሞ ከኮሪደሩ ማዶ «እማዬ» ትላለች። አልመልስላትም። ሁለታችሁ እንዳትነጋገሩ ተብለናል።

የውሉን ኮፒ ከዳዊቴ መሀል አወጣሁት። ፊደል መ። ዋሱ ይጠየቃል ነው የሚለው። አነበብኩት። ያን ቀን ስፈርም አላነበብኩትም ነበር።


19.

ነጩ ወረቀት አለቀ። ያለኝ ይሄ ጥግ ብቻ ነው።

እናንተ ይሄን ወረቀት የት እንዳገኛችሁት አላውቅም። ፋይሉ ውስጥ ከቅጹ ጋር ተያይዞ ካገኛችሁት፣ እኔ ራሴ አያይዤዋለሁ ማለት ነው። ከዳዊቴ መሀል ታጥፎ ካገኛችሁት ግን፣ ልጄ ምን እንደደረሰባት ሰው ጠይቁ።

ሳጅኗ መጣች። ጫማዋ ይሰማኛል። እስክሪብቶውን ወደ ቅጹ አዞርኩት።


20.

ድንጋዩ ተጠርጣሪዋ እጅ የገባው እንዴት ነው፦




____________________